ያውቁ ኖሯል? ሰማንያ ምዕራፍ በእግር

ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ ከባሕር እስከ ባሕር የዘረጉትን የሐድሪያን ግንብ ያለ አስጎብኚ፣ በራስዎ እግርና በራስዎ ሰዓት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጓዝ እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? ከምሥራቁ ዎልሰንድ እስከ ምዕራቡ ባውነስ ኦን ሶልዌይ የእግር መንገዱ 135 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው መንገደኛ ከስድስት እስከ ስምንት ቀን ይወስድበታል። ብሔራዊ የእግር መንገድ ሆኖ የተከፈተው በ2003 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሻንጣዎን ጠዋት ካደሩበት ቤት አንሥተው ማታ ከሚያድሩበት የሚያደርሱ ድርጅቶች ስላሉ በጀርባዎ የሚይዙት ውኃ፣ ስንቅና የዝናብ ልብስ ብቻ ነው። መገንጠያ ላይ ሲደርሱ የኦክ ዛፍ ፍሬ የተሣለበትን ምልክት ይፈልጉ፤ መንገድዎ እሱ ነው።

የሮማ ማይል አንድ ሺህ ርምጃ ነበር። አንድ ርምጃ የሚባለው ግራና ቀኝ እግር ሁለቱም ተራቸውን ሲያደርሱ ነው፤ ስለዚህ ማይሉ ወደ 1,480 ሜትር ይሆናል። ይህን ርቀት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ሳያስተውለው ያውቀዋል። በማቴዎስ ወንጌል በተራራው ስብከት፣ አንድ ምዕራፍ እንድትሄድ ቢያስገድዱህ ሁለተኛውን ጨምር በሚለው ትምህርት ውስጥ «ምዕራፍ» የተባለው ይኸው የሮማ ማይል ነው። የሐድሪያን ግንብ በዚህ ልክ 80 ምዕራፍ ነበር። በየምዕራፉ በር ያለው ትንሽ ምሽግ፣ በሁለት ምሽጎች መካከልም ሁለት የዘብ ማማ ነበረ። የዛሬውም መንገደኛ የሚያልፈው በዚያው በጥንቱ ልክ ነው፤ መንገዱ ግንቡን በሚከተልበት ሁሉ ረጋ ብሎ ቢሄድ እንኳ በየሃያ ደቂቃው አንዱን ምሽግ ወይም የነበረበትን ቦታ ያገኛል።

በሮች መኖራቸውን ልብ ይበሉ። በየምዕራፉ በር የተተወለት ግንብ ሰው እንዳያልፍ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የሚያልፈው ማን እንደሆነ ለማወቅም ጭምር ነው።

የግንቡ ሥራ የተጀመረው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ብሪታንያን በጎበኘበት በ122 ነው። ድንጋዩን የጠረቡትና የደረደሩት የሦስት ሌጌዎን ወታደሮች ናቸው። የግንቡን መካከለኛ ክፍል ተከትሎ የሚመላለሰው አውቶቡስም መጠሪያው ከዚያ ዓመት የተወሰደ ነው፤ ኤዲ 122 ይባላል። እግሩ የዛለ መንገደኛ ተሳፍሮ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፣ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ግንቡ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አይደለም፤ አንድ ድንጋይ ሳይቀር እንግሊዝ ውስጥ ነው።

ከመነሻው አጠገብ፣ በሳውዝ ሺልድስ ከተማ ባለው የአርቤያ ምሽግ ሙዚየም አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ። ያሠራው ባራቴስ የሚባል የሶርያ ፓልሚራ ሰው ነው። ሟቿ ሬጊና ብሪታንያዊት ነበረች፤ ባሪያው ነበረች፣ ነፃ አወጣት፣ አገባት፣ በ30 ዓመቷ ሞተችበት። በላቲን ካስጻፈው ሥር አንድ መስመር በአገሩ ፊደል ጨምሯል። ቋንቋው አራማይክ ነው፤ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር በሴም ቤተሰብ የሚዛመድ። በዚያ ቀዝቃዛ የወንዝ አፍ ስንት ሰው ያነብልኛል ብሎ እንዳልጻፈው ግልጽ ነው። የላቲኑ ለሰፈረበት አገር ሕግና ወግ ነው፣ የታችኛው መስመር ግን ለራሱ ሐዘን። ጉዞውን ከዎልሰንድ ከመጀመርዎ በፊት ግማሽ ቀን ለዚህ ድንጋይ ቢሰጡ አይቆጭዎትም።

ከግንቡ ዛሬ ቆሞ የሚታየው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። የቀረው የት ሄደ? ከፊሉ ለቤት፣ ለአጥርና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ተወሰደ። ከፊሉ ደግሞ እግርዎ ሥር ነው። በ1745 በብሪታንያ ንጉሥ ላይ ያመፀው የጃኮባይት ጦር በካርላይል በኩል ሲገባ፣ ኒውካስል የነበረው የመንግሥት ሠራዊት በመንገድ ብልሽት ምክንያት ሊደርስበት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የጦር መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። ለብዙ ኪሎ ሜትር ግንቡ ፈርሶ ለመንገዱ መሠረት ሆነ። መኪና ዛሬም ይሄድበታል።

በ1801 ዊልያም ሃተን የሚባል የበርሚንግሃም ሰው በ78 ዓመቱ ከቤቱ ተነሥቶ በእግሩ እስከ ግንቡ ሄደ፣ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አየ፣ በእግሩ ተመለሰ። በጠቅላላው ከ950 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፕሌንትሪስ በሚባለው ቦታ አንድ ባለ ርስት ለእርሻ ቤት ድንጋይ ብሎ ግንቡን ሲያስፈርስ ደረሰበትና እንዲተው ለመነ። ከዚያ የተረፈው ቁራጭ አሁንም በመንገዱ ላይ ቆሟል። ቆም ብለው ቢያዩት መሠረቱ ለሰፊ ግንብ የተጣለ ሆኖ ሳለ ከላዩ ያረፈው ግን ጠባብ መሆኑን ያስተውላሉ፤ ሥራው መካከል ላይ ሳለ ዕቅዱ እንደተለወጠ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። ይህን ምስክር ያተረፈልን የአንድ ሽማግሌ ልመና ነው።

የመሐሉን ክፍል ሲጓዙ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘወር ብለው ቪንዶላንዳን ሳያዩ አይለፉ። ምሽጉ ከግንቡ በዕድሜ ይበልጣል። በ1973 ከእርጥብና አየር ከማይገባው አፈሩ ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ቅጠሎች መውጣት ጀመሩ፤ የወታደሮችና የቤተሰቦቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማና የውስጥ ሱሪ እንደተላከ ይናገራል። ሌላው በ100 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው። ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የምሽግ አዛዥ ሚስት ለወዳጇ ለሱልፒኪያ ሌፒዲና ሴፕቴምበር 11 ቀን ለልደቷ እንድትመጣላት ትጠራታለች። ዋናውን ጸሐፊ ጽፎላታል፤ መዝጊያውን ግን በገዛ እጇ ጨምራለች። ሴት በላቲን በእጇ እንደጻፈችው ከሚታወቁት ጽሑፎች ሁሉ ይህ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። አሁን በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከዚሁ አፈር ከ5,000 በላይ ጫማዎችም ወጥተዋል፤ የሕፃናትና የሴቶች ጭምር። ወታደር በሕግ እንዳያገባ በተከለከለበት ዘመን በምሽጉ ውስጥ ልጆች ይሮጡ ነበር ማለት ነው። በዚህ ወሰን ከተገኘው ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይህ የጫማ ክምር ነው።

የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ዊንሺልድስ 345 ሜትር ነው። እዚያ ከመድረስዎ በፊት በሁለት ጉብታዎች መካከል ለብቻው የቆመ የታወቀ የሲካሞር ዛፍ ነበረ። በ2023 ሴፕቴምበር ማለቂያ አንድ ሌሊት ተቆርጦ አደረ። የቆረጡት ሁለት ሰዎች በ2025 እያንዳንዳቸው የአራት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ጉቶው ግን በ2024 አቆጥቁጧል።

መንገዱ የሣር ነው፤ ከሣሩ ሥር ደግሞ ያልተቆፈረ ታሪክ አለ። ስለዚህ ከሌላው የእግር መንገድ የተለየ ሥርዓት አለው። ግንቡ ላይ አይወጡ። መሬቱ በሚረጥብበት በአገሩ ክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ አይምጡ። ከጓደኛዎ ጋር ሲሄዱ ተከታትለው ሳይሆን ጎን ለጎን ይሂዱ፤ እግር ሁሉ አንድ መስመር ከረገጠ ሣሩ ይሞታል፣ ሣሩ ሲሞት የተቀበረው ይገለጣል። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ለሚመጡ ሰባት ማኅተም የሚመታበት የመንገደኛ ፓስፖርት የተዘጋጀውም ጉዞው በደረቁ ወራት እንዲሆን ነው።

ካርላይልን አልፈው ብራፍ ባይ ሳንድስ ሲደርሱ ጥንት አባላቫ ይባል በነበረ ምሽግ ላይ ቆመዋል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ የሰፈሩት ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የሞር ወታደሮች እንደነበሩ በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ ያረጋግጣል። ስለ ግንቡ የሚነገር አንድ ታሪክ ደግሞ የእኛኑ ስም ይጠራል። የሊቢያው ተወላጅ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ግንቡን አይቶ ሲመለስ የጥድ ዓይነት የሐዘን ዛፍ ጉንጉን የያዘ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር አገኘው። ንጉሡ በገዱ ደነገጠ፣ ከፊቴ አንሡት አለ። በ211 ዮርክ ላይ ሞተ። ታሪኩን የሚያወራው ሂስቶሪያ አውጉስታ ሊቃውንት በጥንቃቄ የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። ሮማውያንም ኢትዮጵያዊ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነበር። ቢሆንም ስሙ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ተጠርቷል።

የመጨረሻው ቀን መንገድ በጨዋማ ረግረግ ዳር ያልፋል፤ የባሕሩ ሙላት ከፍ በሚልባቸው ቀናት አስፋልቱ ይሰጥማል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የሙላቱን ሰዓት ይጠይቁ። ባውነስ ላይ ግንቡ አይታይም፤ ድንጋዩ በመንደሩ ቤቶች ውስጥ ነው። ባሕር ዳር መጠለያ አለ፤ ከወዲያ ማዶ ስኮትላንድ ይታያል።