ከሐይቅና ከአምባሰል የተለቀሙ አስገራሚ ነገሮች

ሰው ገንዘብ ሲቀበል ቈጥሮ ይቀበላል፤ በየቀኑ በአፉ የሚያመላልሰውን ቃል ግን ሳይቈጥር ተቀብሎ ሳይቈጥር ለልጁ ያወርሰዋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ የሚገኙትን ሁለቱን የወሎ አገሮች፣ ሐይቅንና አምባሰልን መርጠን፣ ስማቸውንና ታሪካቸውን ጥቂት ልንመረምር አሰብን። አንባቢዎቻችን ከእራት በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ በእንቆቅልሽ መልክ ቢጠይቁበት ደስ ይለናል።

መዠመሪያ ከስሙ እንነሣ። ሌላው ሐይቅ ሁሉ የየራሱ ስም አለው፤ ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ፣ አሸንጌ እየተባለ ይጠራል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተኛው ይህ ውሃ ግን ስሙም ሐይቅ፣ ግብሩም ሐይቅ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የቃሉ ጕዞ ነው። በግዕዝ ሐይቅ ማለት የባሕር ዳር፣ የውሃው ጠረፍ ማለት ነው፤ ውሃው ራሱ ባሕር ይባላል። ስለዚህ ቃሉ በግዕዝ ዘመን በደረቅ ምድር ላይ ቆሞ ውሃውን ይመለከት ነበረ፤ ወደ አማርኛ በተሻገረ ጊዜ ግን ወደ ውሃው ገብቶ ቀረ። ይህንን ያስተዋለ ሰው በጣና ዳር ያለችውን ባሕር ዳርንና በወሎ ያለችውን ሐይቅን ሁለቱ ከተሞች በሁለት ቋንቋ አንድ ስም ይዘው ይኖራሉ ቢል አልተሳሳተም።

ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም በመካከሉ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ነው። ከጎኑ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቋርቃ ወንዝ በኩል ውሃ ይቀበላል፤ እርሱ ግን በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚቀበል እንጂ የማይሰጥ ሐይቅ እንደ አፋሩ እንደ አሳል ጨው ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ይህኛው ግን ሳይመር ሳይጎመዝዝ ለከብትም ለዓሣም የሚስማማ ሆኖ ኖሯል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የሚባለው የዓሣ ዘር ከውጭ መጥቶ ከተጨመረበት ወዲህ ዓሣ ማጥመድ ለባላገሩ ሁለተኛ ሥራ ሆነለት። ነገር ግን በ1930 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ እጅግ ጠርቶ የነበረው ውሃ ዛሬ እንደ ጥንቱ የጠራ አይደለም።

ባላገሩ የሐይቁን አፈጣጠር በሌላ መንገድ ይተርከዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የነገሥታት ልጅ ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ምድሪቱን በውሃ አሰጠማት፤ ግፍ የሠራችው ከነወገኖችዋ ጠፋች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች፤ ገዳሙም የተሠራው በዚያችው መሬት ላይ ነው ይላሉ። ልብ ላለው ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል፤ በዚህ ትረካ ደሴቲቱ የተረፈችው በሴት ምክንያት ነው፤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴት እንዳትገባ የቆየው ሥርዓት እስከ ዛሬ የጸና ነው። ደሴት ማለታችንም እንደ ቀድሞው አነጋገር ነው እንጂ ዛሬ ስፍራው ከየብስ ጋር ስለ ተገናኘ በእግር ይገባበታል።

ደሴት በነበረ ጊዜ ግን መሻገሪያው እንዴት ያለ እንደ ነበረ የጻፈልን አንድ የፖርቱጋል ቄስ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ ሲመለስ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሐይቅ መነኮሳት ከደንገል የተሠራና ትልልቅ ቅሎች የታሰሩበት ታንኳ እንደ ነበራቸው፣ በደሴቲቱም ሎሚና ትርንጎ እንደ ነበረ ይተርካል። በባሕሩም ውስጥ ትልቅ አውሬ መኖሩን ነግሮ፣ ስሙን ከባላገሩ አፍ እንደ ሰማው አድርጎ ጽፎታል፤ ይህም ጉማሬ የሚለው ቃላችን ነው። እንግዲህ ይህ የአማርኛ ቃል በአገራችን ማተሚያ ከመቆሙ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በሊዝቦን ማተሚያ ቤት ታትሞ ነበረ ማለት ነው። አልቫሬዝ ከሄደ ከጥቂት ዓመት በኋላ የኢማም አሕመድ ጭፍራ በመጣ ጊዜም ውሃው ስለ አገዳቸው መሻገሪያ ለመሥራት ግድ ሆነባቸው፤ መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ብለው የገዳሙን ሀብት እንዳስረከቡ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፋቂህ ይናገራል።

ከዚህ ገዳም የወጣውን ዕውቀት ሁሉ በአንድ ገጽ ለመተረክ አይቻልም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ገዳሙን አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፣ የተጻፈበት ዘመን በውስጡ ከተመለከተባቸው የኢትዮጵያ ወንጌሎች ሁሉ በጥንትነቱ የታወቀ ነው፤ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐም ሥዕል በውስጡ ይገኛል።

ለመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን ግን ይበልጥ የሚጥማቸው የገዳሙ አለቃ የማዕርግ ስም ሳይሆን አይቀርም። የሐይቅ እስጢፋኖስ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ይባሉ ነበረ፤ ይኸውም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህ ማዕርግ በነገሥታቱ ግቢ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን በቤተ መንግሥት እጅግ የተሰሙ ሰው ነበሩ። ዐቃቤ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከመሥሪያ ቤቶቻችን አልወጣም፤ ዐቃቤ ሕግ ስንል ሕግ ጠባቂ ማለታችን ነው። ሕጉን የሚጠብቅ ሹም ሲቀርልን ሰዓት የሚጠብቀው ሹም ግን ቀረብን፤ ጧት በየቢሮው ደጅ ተሰልፎ ሹሙን የሚጠብቅ ባለ ጕዳይ ይህንን ሲያነብ ምን እንደሚል ለእርሱ እንተወዋለን።

ከዚሁ ከሰዓት ጠባቂዎቹ ገዳም ሰዓታት የተባለውን የጸሎት መጽሐፍ የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መውጣታቸውም የሚያስደንቅ ግጥምጥም ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. የፈጸሙት እኒህ ሊቅ በልጅነታቸው በሐይቅ ሲማሩ ትምህርት አልገባ ብሏቸው፣ ብዙ ዘመን ለመነኮሳቱ እህል እየፈጩ እንደ ቆዩ ይተረካል። ልጁ በትምህርቱ የዘገየበት ወላጅ ቢኖር ይህን ታሪክ ለልጁ ያንብብለት።

አሁን ወደ አምባሰል እንለፍ። ስለ ስሙ ትርጓሜ አንዳንዶች አምባ ከሚለው ከአማርኛውና ማር ማለት ከሆነው ከዓረብኛው አሰል የተጋጠመ ነው ይላሉ፤ የማር አምባ መሆኑ ነው። አገሩን የሚገዛው ሹም ደግሞ በሌላው አገር የማይገኝ ጃንጥራር የሚባል ማዕርግ ነበረው። እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ነው። ጃን የምትለዋ ቃል ጃንሆይ፣ ጃንሜዳ፣ ጃንደረባ በሚሉት ስሞች ውስጥ ሁሉ ትገኛለች፤ ከልዕልና ጋር የተያያዘች መሆኗም ግልጽ ነው። በአገው ቋንቋዎች ዝሆን በተመሳሳይ ስም ስለሚጠራ ቃሏን ከዚያ የሚያመጡ አሉ፤ በመካከለኛው ዘመን ፈረንጆች በብርቱ ይፈልጉት የነበረውን የቄሱን የዮሐንስን ስም ከዚችው ከጃን ጋር የሚያያይዙም አልጠፉም።

በአምባሰል ውስጥ መስቀለኛው የግሸን አምባ አለ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ የሚወጣበት ይህ አምባ በቀድሞ ዘመን ለንግሥና የሚታሰቡት የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ስፍራ ነበረ። ዝናው በአልቫሬዝና በሌሎች ተጓዦች በኩል ወደ ኤሮፓ ተሻግሮ፣ የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው ግጥሙ የአማራ ተራራ እያለ ጠቀሰው። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ዓ.ም. ራስላስ የሚባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ማታ ማታ እንደ ጨረሰው ይነገራል። ስሙን ያገኘው በወጣትነቱ ከተረጐመው ከሎቦ የጕዞ መጽሐፍ ነው፤ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በዚያ መጽሐፍ ማዕርጋቸውና ስማቸው ተጣብቆ ስለ ተጻፈ፣ ጆንሰን ክርስቶስ የሚለውን ትቶ የቀረውን ለባለ ታሪኩ ሰጠው። አምባውንም ገልብጦ በተራሮች የታጠረ የደስታ ሸለቆ አደረገው። ይህ መጽሐፍ በኋላ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ፣ ታሪኩ ከመቶ ሰማንያ ዓመት የሚበልጥ የውጭ ኑሮ ኖሮ ወደ አገሩ ገባ።

አምባሰል የቅኝትም ስም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል ከሚባሉት ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ በዘመናችን ማሪቱ ለገሠ በድምፅዋ አስከብራዋለች። ድምፆቹ አምስት ናቸው፤ በፈረንጅ ኖታ ከዶ ብንነሣ ሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሚ ይዘለላል፣ ፋና ሶል ይከተላሉ፣ ላም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይጨርሳል። በጃፓን አገር ሚያኮ ቡሺ የሚባለው ጥንታዊ ቅኝት እርምጃው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው የጃፓኖችን ክራር መሰል መሣሪያ ሲሰማ የአገሩ ዜማ መስሎት ጆሮውን ቢያቀና አይፈረድበትም።

የቀረን ውጫሌ ነው። ይህች የአምባሰል ከተማ ስምዋ በዓለም ሁሉ የታወቀው በአንዲት ግሥ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ 20 ክፍል ያለውን ውል ተፈራረሙ። በ17ኛው ክፍል አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የኤሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። ይቻላቸዋል ማለት ቢወዱ ይልካሉ፣ ባይወዱ ይተዋሉ ማለት መሆኑን አማርኛ የሚናገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በኢጣልያንኛው ግን የተጻፈው ኮንሴንቴ የሚል ግሥ ነበረ፤ ይህም ተስማምተዋል፣ እሺ ብለዋል እንደ ማለት ነው። የኢጣልያ መንግሥት በዚህች ግሥ ተመርኵዞ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ገብታለች ሲል ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህንን ያወቁት የንግሣቸውን ዜና ለኤሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ጕዳይዎ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል መልስ በደረሳቸው ጊዜ ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጐተተ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ለአንባቢዎቻችን መተረክ አያስፈልግም። እኛ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን አንድ ነገር ልናሳይ እንወዳለን። የዚያው ውል 19ኛው ክፍል፣ አማርኛውና ኢጣልያንኛው በሁሉ ነገር ፍጹም የተስማሙ ስለ ሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ይሆናሉ ይላል። ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍል ያለው ርቀት በወረቀት ላይ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌውን ውል ፈጽሞ አፍርሶ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አጸና። ይህም ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ ቋንቋዎቹም አማርኛና ፈረንሳይኛ ነበሩ።