ጦስኝና የደም ሥራችን

«ዶክተር፣ ጦስኝ እየጠጣሁ ስለሆነ ኪኒኑን ልተወው?» በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ ከደም ግፊት ታካሚ የማይጠፋ ጥያቄ ነው። መልሴ «እንዳይተዉት» ነው።

የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጩ ሥሩ እንዲላላ ያደርጋሉ። ሲጋራ፣ የደም ስኳርና ግፊት ሲበዙ ግን ነፃ ራዲካሎች የተባሉ ሞለኪውሎች ይበረክታሉ፤ ጋዙን ያጠፉታል፤ ሥሩ ይጠባል፣ ይደነድናል።

የደጋችን ጦስኝ ካርቫክሮልና ታይሞል የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ በላብራቶሪ እንደ ፀረ ኦክሳይድ ራዲካሎችን ያከሽፋሉ። በሻይ ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው ግን ጥቂት ነው፤ የዕፅዋት ፀረ ኦክሳይዶች ዋና ሥራ ሕዋሱ የራሱን መከላከያ ኢንዛይም እንዲያመርት መቀስቀስ ሳይሆን አይቀርም።

ፀረ ኦክሳይድ በኪኒን ቢወሰድስ? «ሆፕ» የተባለው ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎችን ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ተከታትሎ፣ ፀረ ኦክሳይዱ ቫይታሚን ኢ ከልብ ሕመም እንደማያድን በ2000 እ.ኤ.አ. አሳወቀ።

ጦስኙን ጠጡ፤ ጎመኑንም፣ ተልባውንም አትርሱ። ጦስኝ በአይጦች ላይ ሽንት ሲያበዛ ስለታየ፣ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ።