አንዱን ከረጢት ደም ለምን እንከፍለዋለን?

ከለጋሽ የተቀዳ ደም እንዳይረጋ ተደርጎ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ቀዩ ክፍል ቀስ በቀስ ይዘቅጣል። ምክንያቱ ትንሽ የክብደት ልዩነት ናት፤ አንድ ሚሊ ሊትር ቀይ ሕዋስ 1.1 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ፕላዝማው 1.025 ገደማ ነው። ሴንትሪፉጅ ከመሬት ስበት በሺዎች እጥፍ በሚበልጥ ኃይል እያሽከረከረ የሰዓታቱን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ከታች 45 በመቶ ገደማ ቀይ ሕዋስ ይተኛል፤ ከላይ 55 በመቶ ገደማ ቢጫማ ፕላዝማ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ነጭ ሕዋሳትና ፕላትሌቶች የያዘች፣ ከመቶ አንድ እጅ የማትሞላ ስስ ንጣፍ ትቀራለች።

«ሰው የሚፈሰው ሙሉ ደም አይደለም ወይ? ታዲያ መክፈሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። ክፉኛ ለቆሰለና ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ሙሉ ደም በእርግጥ ይጠቅማል። ጽኑ የደም ማነስ ያለበት ታማሚ ግን የጎደለው ቀይ ሕዋስ ነው፤ ፕላዝማው ለደከመ ልብ ትርፍ ሸክም ይሆንበታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ደግሞ የአቀማመጡ ነገር ነው። ቀይ ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ተስማሚ ማቆያ ፈሳሽ ሲጨመርበት እስከ 42 ቀን ይቆያል፤ ፕላዝማ በረዶ ሆኖ ዓመት ይሻገራል። ፕላትሌት ግን በተለመደው አሠራር ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እየተወዛወዘ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ ሦስቱንም እንደየባሕርያቸው ማኖር አይቻልም።