ቧንቧው ሳይፈነዳ እንቀይረው
ከሃነቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስንታጠፍ፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ ከ100 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ሲሠሩ ነዋሪው የሚጠጣው በጉድጓድ ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ነበር፤ ቧንቧ የገባላቸው ኋላ ነው። አሮጌ የብረት ቧንቧ ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። ጠዋት ቡናማ ውሃ ከወረደና ግፊቱ ከደከመ እንጠርጥር።

ብዙዎቻችን «ይህ የሃጊሆን ሥራ ነው» ብለን እንቀመጣለን። የውሃ ድርጅቱ ኃላፊነት ግን እስከ ሕንፃው ዋና ቆጣሪ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቧንቧ የኛ ነው። እዚያ የሚፈሰው ውሃ በሂሳቡ ላይ «ጽሪኻ መሹቴፌት» (የጋራ ፍጆታ) ተብሎ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት፣ ቧንቧቸው ጠብ ሳይል፣ ድርሻቸውን ይከፍላሉ።

የጋራው ፍጆታ ከጨመረ አንድ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃውን ይዝጋና ዋናው ቆጣሪ ይታይ። ከዞረ ውሃው እየባከነ ነው። ያን ጊዜ ቫዓድ ባይቱን ስብሰባ አስጠርተን፣ ከሁለት ሦስት ባለሙያ ዋጋ በጽሑፍ እንቀበል። ዛሬ መከራከር እንችላለን፤ ሌሊት ከፈነዳ ግን የተጠየቅነውን መክፈል ነው።

ተከራይ የሆናችሁ፣ ያረጀ ቧንቧ ማስቀየር የአከራዩ ግዴታ ነው። በ2017 የጸደቀው የኪራይ ሕግ ብልሽት ከተነገረው ቢበዛ በ30 ቀን እንዲያስጠግን ያዛል። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ንገሩት፤ ቅጂውንም አስቀሩ።