ገበያው የት ነው?

መካን ጥለው መዲና የገቡት ሙሃጂሮች ቤት ንብረታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ከመዲና አንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ለአብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ቢያቀርቡ፣ አብዱረህማን መርቀዋቸው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። የደረቀ አይብና ቅቤ እየነገዱ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ቻሉ። ቡኻሪ ዘግበውታል። አብዱረህማን ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦችም አንዱ ነበሩ፤ መሰደድን ያውቁታል።

ይህን ታሪክ ባለፈው ረመዳን ያስታወሰችኝ በሰሜኑ ጦርነት ቤቷ ተቃጥሎባት ከራያ በኩል ደሴ የመጣች የሦስት ልጆች እናት ናት። በየማታው ለኢፍጣር መስጂዳችን ትመጣለች። አንድ ቀን ሳህኑን ስሰጣት፣ «ሼኽዬ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ሳምቡሳ መጥበስ እኮ እኔም እችላለሁ። ያጣሁት የዘይትና የብረት ድስት መግዣ ነው» አለችኝ።

ጉዳዩን ለጀመዓው አቀረብኩ። አንድ አባት «ዘካ እህል ነው እንጂ ድስት አይደለም» ብለው ተቆጡ። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ኢማም ነወዊ ለችግረኛ ባለሙያ የሙያው መሣሪያ መግዣ፣ ለነጋዴም መነሻ ገንዘብ ከዘካ እንደሚሰጥ ጽፈዋል። ሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ውስጥ ድሆች፣ ባለዕዳዎችና መንገደኞች አሉበት። በአገሩ ሀብት ያለው መንገደኛ እንኳ ከሀብቱ ከተቆረጠ ይሰጠዋል። አባታችን ኪታቡን አይተው ዝም አሉ፤ በማግስቱ ድስቱን ገዝተው ያመጡትም እሳቸው ናቸው።

ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት የሚሰጥ የዒድ ቀን ምግብ ነው፤ እሱን እንደለመድነው እናድርስ። የገንዘብ ዘካችንን ግን፣ ከ100 ብር 2 ብር ከ50ውን፣ በየደጁ ጥቂት ጥቂት ስንበትነው የአንድ ሳምንት ዘይት እንኳ አይገዛም። አምስት ስድስት ቤተሰብ ዘካውን አንድ ላይ አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ቢሰጥ፣ የስፌት መኪና ወይም ሁለት ሦስት በግ ይገዛል። ከዘካ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ብድር አይደለም፤ «መልሺ» አይባልም። ስትሰጡም ፎቶ ማንሳቱ ይቅር። ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ትናንት ከጎተራቸው ዘካ የሚያወጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ እጃቸውን ሲዘረጉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

ሴትዮዋ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጂዱ ፊት ለፊት ትጠብሳለች። የቤት ኪራዩ አሁንም ይከብዳታል፤ ሁሉም ነገር ተቃናላት አልልም።

በዝርዝራችን ቀጣዩ አንድ አናጢ ነው። ቤቱም ዕቃውም አብረው ነው የተቃጠሉት። ምን እንደሚፈልግ ስንጠይቀው ቆርቆሮ አላለንም፤ «መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ካገኘሁ ቤቱን ራሴ እሠራዋለሁ» አለን። መጋዙና መሮው ተገኝተዋል። መላጊያው ገና ነው።