ጉልበቱ ከኋላ ነው፦ አልፋ ሮሜዮ ስቴልቪዮ

ስለ አልፋ ሮሜዮ ስቴልቪዮ ሲወራ የሚያበሳጨኝ አንድ አነጋገር አለ። «ያው እንደ እኩዮቹ ከፍ ያለ የቤት መኪና ነው፤ የምትከፍለው ለስሙና ለመልኩ ነው» ይባላል። መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ከእኩዮቹ የሚለየው ነገር ግን ከኮፈኑ ሥርና ከወለሉ በታች ስለሆነ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። ስቴልቪዮ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። የሚሠራው ከሮም በስተደቡብ በሚገኘው የካሲኖ ፋብሪካ ነው። አምስት ሰው ይይዛል፤ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚንና ባለ 2.2 ሊትር ናፍጣ አለው፤ ካምቢዮው ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የቀረውን ማንኛውም ሻጭ ይነግራችኋል።

ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። በዚህ መጠን ያሉ አብዛኞቹ ከፍ ያሉ መኪኖች ሞተራቸው ከኮፈኑ ሥር በአግድም የተቀመጠ ነው። እንዲህ ሲሆን ቦታ ይቆጥባል፣ ለአምራቹም ይረክሳል። ጉልበቱ ግን በቅድሚያ የሚደርሰው ለፊት ጎማዎች ነው፤ የኋላዎቹ የሚጠሩት የፊቶቹ ሲቸገሩ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማ ሁለት ሥራ ተደርቦበታል፤ መኪናውን ይጎትታል፣ ደግሞም ያጥፋል። ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ አፍንጫው ወደ ውጭ እየገፋ የሚያስቸግራችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ስቴልቪዮ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሞተሩ በቁመት ተቀምጧል፤ ካምቢዮው ከበስተኋላው ይከተላል፤ ከዚያ የሚነሣ ረጅም ዘንግ ጉልበቱን ለኋላ ዲፍረንሻል ያደርሳል። ኪው ፎር የሚባለው ባለ አራት ጎማ አሠራር በደረቅ አስፋልት ላይ ጉልበቱን በሙሉ ለኋላ ጎማዎች ይሰጣል፤ እነሱ መሬቱን መያዝ ሲያቅታቸው ብቻ ከፊሉን ወደ ፊት ያሻግራል። የፊት ጎማዎች ከመጎተት ስለተገላገሉ ሐሳባቸው ሁሉ መታጠፉ ላይ ነው። እንዲህ የተሠራ መኪና «እንደ እኩዮቹ» መባሉ ግፍ ነው።

ያ ዘንግ ደግሞ የካርቦን ፋይበር ነው። ከብረት ስለሚቀል ነዳጅ ሲረገጥ ቶሎ ይነሣል። ሚላኖ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ስቴልቪዮ ሊፍት ላይ ወጥቶ ከሥሩ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ወፈር ያለ ጥቁር ቱቦ ነው፣ በጣት ቢያንኳኩት የብረት ድምፅ አይሰጥም። ባለቤቱ ከነመኖሩም አያውቅም ነበር።

በዚህ ላይ መሪው አለ። ሬሾው 12 ለ 1 ነው፤ መሪውን 12 ዲግሪ ስታዞሩ ጎማው አንድ ዲግሪ ይታጠፋል። ብዙ መኪኖች ለዚያችው አንድ ዲግሪ 15 ወይም 16 ይጠይቃሉ። ልዩነቱን ያየሁት ስሙ በተወሰደበት ቦታ፣ በስቴልቪዮ መተላለፊያ ላይ ነው። መተላለፊያው በጣሊያን አልፕስ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን በትራፎይ በኩል ሲወጡት 48 ጥምዝ አለው፤ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሲነዳ የነበረው ወዳጄ ነው። ሌላ መኪና ደጋግሞ እጅ በሚያስቀያይርበት ጥምዝ ላይ እሱ አንዴ ብቻ ይቀያይር ነበር። ከመሪው ጀርባ ያሉት ትልልቅ የአሉሚኒየም ማርሽ መቀየሪያዎችም ከመሪው ጋር ስለማይዞሩ ጣቱ ሳይፈልግ ያገኛቸዋል።

ኳድሪፎሊዮ የተባለው ዓይነት ባለ 2.9 ሊትር ቪ6 ሞተር ያለው፣ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኑርቡርግሪንግን የውድድር መንገድ በ7 ደቂቃ ከ51.7 ሰከንድ ዞሮ በዓይነቱ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር፤ በዓመቱ መርሴዲስ ወሰደበት። ለእኔ ግን ተራው ባለ 2.0 ሊትር ይበቃል። የኋላ ወንበሩ ለረጃጅሞች ጠበብ ይላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

አሁን ባለቤቶቹን ልውቀስ። ያ ሊፍት ላይ ያየሁት መኪና ጋራዥ የገባው ከሥሩ እያጉረመረመ ስላስቸገረ ነበር። ባለቤቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ አስቀይሯል፤ የኋላዎቹ ጥርሳቸው አልቋል። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። መኪናው የኋላዎቹ እየተንሸራተቱ ይመስለዋል፤ ጉልበት ወደ ፊት የሚያሻግረው ክፍል ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፣ ይበላል። የሁለት ጎማ ዋጋ የቆጠበ ሰው የዚያን ብዙ እጥፍ ከፈለ። ጎሚስታው «ሁለቱ ይበቁሃል» ቢላችሁ አትስሙት።

ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች ይህን መኪና መግዛት የምትችሉት በውጭ አገር ያላችሁ ናችሁ። ሻጩ በቀጥተኛ አውራ ጎዳና ላይ ሊያስነዳችሁ ይፈልጋል፤ እሺ አትበሉት፣ ጥምዝ የበዛበት መንገድ ጠይቁ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የአራቱንም ጎማ ጥርስ አስተያዩ።