የሻገተ በቆሎ ለውሻም አይሰጥ

ገበሬዎች ሆይ፤ በቆሎ ሲፈለፈል የሻገተው ፍሬ እየተለየ ብዙ ጊዜ ለውሻ ይጣላል። «ለእኛ ያልሆነ ለውሻ ይሁን» ማለት ግን ስሕተት ነው።

በሞቃትና በእርጥብ ስፍራ በተቀመጠ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይኸውም መርዝ የውሻን ጉበት ይጎዳል። ሻጋታውን ማራገፍ ወይም እህሉን መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ አገር በቆሎ ያለበት የአንድ ፋብሪካ የውሻ ምግብ ይህ መርዝ ስለ ተገኘበት ከየሱቁ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ምግቡን የበሉ ከ100 የሚበልጡ ውሾች መሞታቸውም ለመንግሥት ተነገረ።

በገበሬ ቤት ግን መርማሪው ባለቤቱ ራሱ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ በቆሎውን በደንብ አድርቃችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ አስቀምጡ።

2ኛ/ የሻገተውን ለቅማችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ለዶሮና ለላምም አትስጡ፤ ላሟ ከበላችው መርዙ በወተቷ አልፎ ለልጆቻችሁ ይደርሳል።

3ኛ/ ለውሻችሁ ከደኅና እህል የተሠራ፣ ሽንኩርት ያልገባበት ቂጣ ወይም ገንፎ ስጡት።

4ኛ/ ውሻው መብላት ቢተው፣ ቢያስመልሰው፣ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ቢሆን፣ ያንን ምግብ ወዲያው ከልክላችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ሌሊት በረታችሁን የሚጠብቀው ዘበኛ በገዛ እጃችሁ እንዳይመረዝ ተጠንቀቁ።